የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በሃይማኖታዊ መንግሥት ሥር፦ ተስፋ አለው?

ብዕር ያዥ (ይህን የመድረክ ውይይት ክር የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሃይማኖት ያለው መንግሥት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን መቼም ቢሆን አይፈቅድም» አለኝ። ያን ጊዜ ልክ መሰለኝና ዝም አልኩ። በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቁጭ ብዬ አገሮቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ።

ዴንማርክን እንይ። ሕገ መንግሥቷ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንን የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ይላታል፤ መንግሥትም እንዲደግፋት ያዛል። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን አብሮነት በሕግ በመመዝገብ ግን ከዓለም ቀዳሚዋ እሷው ናት፣ በ1989። በ2012 ደግሞ እዚያችው የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲጋቡ ፈቀደች።

ማልታ ይበልጥ ትገርማለች። የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 2 የአገሪቱ ሃይማኖት ካቶሊክ ነው ይላል። እስከ 2011 ድረስ ፍቺ እንኳ አልነበረም። ባልና ሚስት በሕግ ተለያይተው ቢኖሩ እንኳ ትዳሩ አይፈርስም ነበር። በ2017 የዚያችው አገር ፓርላማ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በ66 ድምፅ አጸደቀ። የተቃወመው አንድ ሰው ብቻ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ!

ኮስታ ሪካም ካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጋ በሕገ መንግሥቷ ጽፋለች። ከሜይ 2020 ጀምሮ ጥንዶቹ ይጋባሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ኢራን አለች፣ ሳዑዲ አረቢያ አለች፣ ቫቲካን አለች። እዚያ በሩ ጥርቅም ብሎ የተዘጋ ነው።

እና እኔ የገባኝ ይህ ነው። «ሃይማኖታዊ መንግሥት» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ማየት ያለብን ሕጉን መጨረሻ ላይ መጣል፣ ማለትም ውድቅ ማድረግ፣ የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። ጋብቻን የሚመዘግበውስ ማን ነው? የሃይማኖት አባት ወይስ የክብር መዝገብ ሹም? ሁለቱም ሥልጣን በሃይማኖት አባቶች እጅ ካለ ተስፋ የለም። ከእጃቸው ከወጣ ግን ሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈው ሃይማኖት አያግደውም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ አንስተሻል። ግን የጠራሻቸው አገሮች ሃይማኖታዊ መንግሥት ናቸው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። ስሙ ቀርቶ ነፍሱ የወጣ ነገር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ፓርላማው ነው ቤተ ክርስቲያኗን የሚያዝዘው። ሃይማኖታዊ መንግሥት ማለት የፈጣሪ ሕግ ከሰው ሕግ በላይ የሆነበት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጋብቻ የወንድና የሴት ነው፤ በድምፅ ብልጫ አይለወጥም። እኔም በግሌ የማምነው ይህንኑ ነው፣ አልደብቃችሁም።

ብዕር ያዥ

ጋሼ፣ በግልጽ ስለነገሩን አመሰግናለሁ። «ስሙ ብቻ ቀርቷል» የሚለው ለዴንማርክ ሊሠራ ይችላል። በፈረንሳይና በስፔን መካከል ያለችውን ትንሿን አንዶራንስ ምን ይሏታል? ርዕሰ ብሔሮቿ ሁለት ናቸው። አንዱ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ነው። ሌላው የኡርጌል ካቶሊክ ጳጳስ ናቸው። ጳጳስ ርዕሰ ብሔር የሆኑበት አገር ማለት ነው! ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እዚያ ሕጋዊ ነው። ጳጳሱ ጌጥ ብቻ ናቸው እንዳይባል ደግሞ ውርጃ እስከ ዛሬ ፈጽሞ ክልክል ነው። የርሳቸውን ወንበር ስለሚነካ ፖለቲከኞቹ ያን ጉዳይ በብዙ ጥንቃቄ ነው የሚይዙት።

አዲስ ገቢ

ግብረ ሰዶማውያን ላይ ይህን ያህል መጻፍ ለምን አስፈለገ? ኃጢአት ኃጢአት ነው። አለቀ።

የመድረኩ አስተናባሪ

አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እምነትህን መናገር ትችላለህ። በዚህ ክር ውስጥ ግን ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸው ሰዎች አሉ። ያንን ስም እዚህ አንጠቀምም። «የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች» በቂ ነው።

ሕግ አንባቢ

ወደ ብዕር ያዥ ጥያቄ ልመለስ። የኢራንን ነገር በደንብ ካላየነው «መጨረሻ ላይ የሚጥለው ማን ነው» የሚለው አይገባንም።

የኢራን ፓርላማ የሚያወጣው ሕግ ሁሉ ለጠባቂዎች ምክር ቤት ይቀርባል። አባላቱ 12 ናቸው። ስድስቱ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ሲሆኑ ጠቅላይ መሪው ይሾማቸዋል። አንድ ሕግ ከእስልምና ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ ስድስቱ ብቻ ናቸው። ያው ምክር ቤት ለፓርላማ የሚወዳደሩትን ዕጩዎችም ያጣራል። ልብ በሉ፣ መግቢያውንም መውጫውንም የያዘው አንድ አካል ነው። የፓርላማው አባላት በሙሉ እጃቸውን ቢያወጡ እንኳ ከስድስቱ አብዛኞቹ ካልተስማሙ ሕጉ አያልፍም፤ ክርክሩን የሚፈታው ሌላ ምክር ቤትም ቢሆን በጠቅላይ መሪው የሚሾም ነው።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ስለ ጋብቻ ነው። እዚያ ከጋብቻ በፊት የሕይወት ጉዳይ አለ። የወንጀል ሕጉ በወንዶች መካከል ለሚፈጸም ግንኙነት እስከ ሞት ይቀጣል። ብሩናይም በ2019 በድንጋይ ተወግሮ መሞትን ያካተተ የቅጣት ሕግ ሥራ ላይ አዋለች። ዓለም ሲጮህባት ሱልጣኑ የሞት ቅጣት አይፈጸምም አሉ። ሕጉ ግን አልተሻረም። እንዲህ ባለ አገር ለሚኖር ሰው ስለ ሠርግ ማውራት ቅንጦት ነው። መጀመሪያ የሚፈልገው ሳይፈራ መተኛት ነው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እዚያችው ኢራን ውስጥ አያቶላህ ኾሜኒ በ1980ዎቹ የጾታ ለውጥ ሕክምናን በፈትዋ ፈቅደዋል። አንድ ሊቅ በአንድ ጽሑፍ የማይታሰበውን ፈቀዱ። ይህ ለሌሎቹ መከራም አምጥቷል። «ወይ ጾታህን ቀይር» የሚል ግፊት የደረሰባቸው አሉ። ቢሆንም የሃይማኖት ሕግ በሰው እጅ እንደሚተረጎም ያሳያል።

ሩቅ ተመልካች

እስራኤልን ረሳችኋት። ለዚህ ክር ከሁሉም የምትሻለው ምሳሌ እሷ ናት ባይ ነኝ።

እዚያ የሲቪል ጋብቻ የለም። አይሁዱ በረቢዎች፣ ሙስሊሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚጋባው። ሥርዓቱ ከኦቶማን ቱርኮች ዘመን የመጣ ነው። እንግሊዞች አስቀጠሉት፣ እስራኤልም ወረሰችው። አንድ አይሁድና አንዲት ሙስሊም እንኳ በአገር ውስጥ መጋባት አይችሉም። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ብዕር ያዥ እንዳለችው መዝገቡ በሃይማኖት አባቶች እጅ ነው።

ነገር ግን ፓርላማው አለ፣ ፍርድ ቤቱም አለ። በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካናዳ የተጋቡ አምስት ጥንዶችን ጉዳይ አይቶ «የአገር ውስጥ ሚኒስቴር ባለትዳር ብሎ ይመዝግባቸው» ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር ሄዶ ተጋብቶ መመለስ መንገድ ሆነ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በአሜሪካ የዩታ ግዛት በቪዲዮ ማጋባት ተጀመረ። ሰው ከሳሎኑ ሳይወጣ ዩታ ውስጥ ተጋባ ማለት ነው። የመንግሥት ባለሥልጣናት አንመዘግብም አሉ። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «መዝግቡ» አላቸው።

ይህ ድል ነው? ግማሽ ድል ነው። ጥንዶቹ ባለትዳር ይባላሉ፤ አገራቸው ግን ራሷ አታጋባቸውም። ደግሞ በፍርድ ቤት የመጣ ነገር ዳኞቹ ሲቀየሩ ሊቀየር ይችላል።

ስም የለሽ 7

ለረጅም ጊዜ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ልጻፍ።

ጉዳዩ የሚመለከተኝ ሰው ነኝ። የምኖረው የሃይማኖት ሕግ ጋብቻን በሚገዛበት አገር ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከምወዳት ሴት ጋር 11 ዓመት አብረን ኖረናል።

ከሁለት ዓመት በፊት ታመመች። በድንገት ነው፣ ሌሊት። ሆስፒታል ወሰድኳት። እንግዳ መቀበያው ላይ ቅጽ ሰጡኝ። ስሟን ሞላሁ፣ የደም ዓይነቷን ሞላሁ፣ የማትወስደውን መድኃኒት ጻፍኩ። ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? ከዚያ «ዝምድና» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። «ጓደኛ» ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ አየችውና «ጓደኛ ከሆንሽ እዚህ ጠብቂ፣ ቤተሰብ ይጠራ» አለችኝ። ነርሷን አልቀየምኳትም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ወንድሟ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ዘጠኝ ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። ያ ወንድሟ ለአራት ዓመት አላናገራትም ነበር። የፈረመው እሱ ነው። የገባው እሱ ነው።

ስለ ቡራኬ አይደለም የምጨነቀው። ማንም ቄስ እንዲባርከኝ አልጠይቅም። ውርስ፣ የጋራ ቤት፣ የሆስፒታል በር፣ የቀብር ቦታ። የምፈልገው መዝገቡን ነው። ለዚህ ነው የብዕር ያዥ ጥያቄ ልቤን የነካኝ።

ብዕር ያዥ

ምን እንደምል አላውቅም። ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ። እሷ አሁን ደህና ናት?

ስም የለሽ 7

ደህና ናት፣ ተመስገን። አጠገቤ ሆና እያነበበች ነው።

ቀለም

እኔ የነገረ መለኮት ተማሪ ነኝ። ጋሼ መምህር ያነሱትን በሌላ በኩል ልየው። ሃይማኖቱ ጋብቻን ምን ብሎ ይጠራዋል? ይህ ብዙ ነገር ይወስናል።

የሉተራን እምነት ጀማሪ ማርቲን ሉተር ጋብቻን «ዓለማዊ ነገር» ብሎታል። ከፈጣሪ የተሰጠ መልካም ነገር ነው፤ ምሥጢር (ቅዱስ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት) ግን አይደለም፤ የሚገዛውም የመንግሥት ሕግ ነው። እንግዲህ ቀድመው የሄዱትን ተመልከቱ። ዴንማርክ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድን፣ አይስላንድ፣ ሁሉም የሉተራን አገር ናቸው። አይስላንድ በ2010 ሕጉን ስታጸድቅ ፓርላማ ውስጥ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልነበረም። 49 ለ0።

ታይላንድም እንዲሁ። ሕገ መንግሥቷ ንጉሡ ቡድሂስት መሆን አለበት ይላል። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ግን ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ተፈቅዷል። በቡድሂዝም ጋብቻ የዓለማዊ ሰዎች ጉዳይ ነው። መነኮሳቱ ይመርቃሉ እንጂ አያጋቡም። ስለዚህ ሕጉ ሲለወጥ የተነካ ምሥጢር የለም።

በካቶሊክ ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። ቫቲካን ላይ ንጉሡም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ሕጉም የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው። በዲሴምበር 2023 ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ቡራኬ መስጠት ይቻላል የሚል ሰነድ ወጣ። እዚያው ሰነድ ላይ ግን ቡራኬው ጋብቻ መምሰል እንደሌለበት አጥብቆ ተጽፏል። እሱም ቢሆን ተቃውሞ አስነሳ። የአፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ በወሩ አንቀበልም አለ። ቫቲካን ውስጥ በእኛ ዕድሜ የምናየው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሕግ አንባቢ

ቀለም፣ ወድጄዋለሁ። ግን ስፔንስ? በ2005 ከዓለም ሦስተኛዋ ናት። አርጀንቲናስ? ሕገ መንግሥቷ መንግሥት የካቶሊክን እምነት እንዲደግፍ ያዛል። በ2010 ፈቀደች። ያኔ የቦነስ አይረስ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ኋላ ላይ የካቶሊክ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የሆኑት ቤርጎሊዮ ናቸው። ሕጉን አጥብቀው ተቃውመው ነበር። አለፈ። የሃይማኖቱ ትምህርት መንገዱን ያቀናዋል ወይም ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም። የሚዘጋው የመጣል ሥልጣን ነው።

ቀለም

እሺ፣ እቀበላለሁ። ግሪክንም ጨምርበት። ሕገ መንግሥቷ የሚጀምረው በቅድስት ሥላሴ ስም ነው። ሲኖዶሱ ተቃውሟል። ገዢው ፓርቲም ወግ አጥባቂ ነው፤ ከራሱ ሰዎች በርካቶች አልደገፉትም። በፌብሩዋሪ 2024 ግን በተቃዋሚዎች እገዛ 176 ለ76 አለፈ። ኦርቶዶክስ ሕዝብ ከሚበዛባቸው አገሮች የመጀመሪያዋ ናት። ሲኖዶሱ ድምፁን ማሰማት ይችላል፤ ሕጉን መጣል አይችልም። ሙሉው ልዩነት እሱ ነው።

ጡረተኛው መምህር

እንግዲህ የምፈራውን ልናገር። መጀመሪያ መዝገብ ብቻ ይባላል። ነገ ደግሞ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ቄስ «አጋባ» ተብሎ ይገደዳል። አንድ አማኝ ይህን ሲፈራ ጥላቻ ነው ብላችሁ አትዩት።

ሕግ አንባቢ

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። መልስም አለው።

እንግሊዝን እንውሰድ። ንጉሡ የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ ጠባቂ ነው። 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ወንበር አላቸው። ንግሥት ኤልሳቤጥ በጁላይ 2013 ሕጉን አጸደቁ፤ ከማርች 2014 ጀምሮ ጥንዶች ተጋቡ። ሕጉ ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ እንዳትፈጽም ራሱ ይከለክላል። የሌሎች እምነት ተቋማት ደግሞ ፈቅደው ካልገቡበት በስተቀር አይነካቸውም። ተቋማቸው ቢገባበት እንኳ አንድን የሃይማኖት አገልጋይ ማስገደድ አይቻልም። እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አላጋባችም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ጸሎት ብቻ ታደርግላቸዋለች።

ዴንማርክም ውስጥ ቄሱ በግሉ እምቢ ማለት ይችላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያንዎን የሚጠብቃትና ስም የለሽ 7ን የሚጠብቃት ያው አንድ አጥር ነው። መዝገቡ ከመንበሩ ሲለይ ሁለቱም ይድናሉ።

ሩቅ ተመልካች

ወደፊት ብቻ የሚሄድ መንገድ እንዳይመስላችሁ ግን። ኮስታ ሪካ ላይ የአሜሪካ አህጉር አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2018 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ይፈቀድ የሚል አስተያየቱን ሲሰጥ አገሪቱ ምርጫ ላይ ነበረች። ሕዝቡ ተቆጣ። ብዙም የማይታወቅ ወንጌላዊ ሰባኪ በአንድ ጊዜ ብድግ ብሎ የመጀመሪያውን ዙር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። በሁለተኛው ዙር ባይሸነፍ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። የእንግሊዝ ግዛት የሆነችው ቤርሙዳ ደግሞ በ2017 በፍርድ ቤት ፈቀደች፣ ፓርላማው ያወጣውና በ2018 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሻረው። በ2022 የለንደኑ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ መንግሥትን ደገፈ። የተጋቡት ባለትዳር ሆነው ቀሩ፤ በሩ ግን ከኋላቸው ተዘጋ።

አየርላንድ ግን ቀስ ብላ ነው የሄደችው። በ1972 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን «ልዩ ስፍራ» ከሕገ መንግሥቱ በሕዝብ ድምፅ ወጣ። በ1993 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀረ። በ1995 ፍቺ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ተፈቀደ። በሜይ 2015 ጋብቻው በ62 በመቶ አለፈ። 43 ዓመት ማለት ነው። ቤት ለቤት ሄደው፣ አያቶቻቸውን አነጋግረው ያመጡት ነው። እንዲህ የመጣ ነገር በቀላሉ አይነቀልም።

ብዕር ያዥ

የአየርላንዱ ቅደም ተከተል ብዙ ነገር አስተማረኝ። መጀመሪያ ልዩ ስፍራው፣ ከዚያ ወንጀሉ፣ ከዚያ ፍቺው፣ ጋብቻው መጨረሻ ላይ። የሃይማኖት አባቶች ሕግ መጣል በሚችሉበት አገር ጥያቄው ከጋብቻ መጀመር የለበትም ማለት ነው። እስሩን ከማስቀረት ነው የሚጀመረው። ቀጥሎ ለማንም የሚሆን የሲቪል መዝገብ። ያ መዝገብ ለተለያየ እምነት ጥንዶችም ያስፈልጋል፣ ለማያምኑትም ያስፈልጋል። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በጥያቄው ብቻቸውን አይሆኑም።

ጡረተኛው መምህር

ስም የለሽ፣ ልጄ፣ ስለ ኮሪደሩ የጻፍሽውን ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩት ነው። እንቅልፍም ነሳኝ። ባለቤቴ ስትታመም እኔ እስከ መጨረሻዋ አጠገቧ ነበርኩ። ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ ሰው የለም። ዘጠኝ ሰዓት ውጭ ብቀመጥ ኖሮ ምን እሆን ነበር?

በር የዘጋብሽን ሕግ ትክክል ነው ማለት አልችልም። ፈጣሪም ያንን የሚወድ አይመስለኝም። ግን ጋብቻ ብዬ ልጠራው አልችልም። አፌ ላይ አይመጣልኝም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ስም የለሽ 7

ጋሼ፣ ባለቤትዎን ነፍስ ይማር። ይቅርታ አያስፈልግም።

እርስዎ በቤትዎ የፈለጉትን ይጥሩት። እኔ ቅጹ ላይ «ዝምድና» ከሚለው መስመር ጎን የምጽፈው ቃል ነው የቸገረኝ። ነርሷ አይታ የምታስገባኝ ቃል።

ጡረተኛው መምህር

እሱን እንኳ ሊከለክሉሽ አይገባም።